አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀው የኒውዮርክ የካሲኖ ፈቃድ፦ መጠበቁ የጠቀመው ማንን ነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2013 የኒውዮርክ ግዛት መራጮች ሕገ መንግሥታቸው ተሻሽሎ እስከ ሰባት የሚደርሱ ካሲኖዎች እንዲከፈቱ በሕዝበ ውሳኔ ፈቀዱ። በኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሙሉ ካሲኖ ለመክፈት የሚያስችሉት ሦስት ፈቃዶች የጸደቁት ግን ዲሴምበር 15 ቀን 2025 ነው። በ2013 የትምህርት ዘመን አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ፈቃዶቹ ሲጸድቁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። በቀን ቢቆጠር ከ4,400 ቀናት በላይ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ይህ መዘግየት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። ገንዘባቸውን ይዘው ደጅ ሲጠኑ የኖሩት ባለሀብቶች ጥፋቱን በቢሮክራሲ ላይ ያደርጋሉ። ካሲኖን የሚቃወሙ ነዋሪዎች ደግሞ እያንዳንዱን የዘገየ ወር እንደ ድል ይቆጥሩታል። ሁለቱም መዘግየቱን እንደ አንድ ነገር ያዩታል። ሂደቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለተመለከተው ግን የተለያዩ ጥበቃዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይታያሉ። እያንዳንዱ ጥበቃ ባለቤት ነበረው፤ ተጠቃሚም ነበረው። ስለዚህ ዓመታቱን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ ዓመት ለማን ሲባል እንደ ባከነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በኒውዮርክ ቁማር በአንድ ጊዜ አልተፈቀደም። የ1894ቱ ሕገ መንግሥት ማንኛውንም ዓይነት ቁማር ይከለክል ነበር። በ1939 የፈረስ ውድድር ውርርድ ተፈቀደ፤ በ1966 የመንግሥት ሎተሪ ተከተለ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የግዛቱ ካዝና ሲራቆት፣ በፈረስ መወዳደሪያ ሜዳዎች ላይ «የቪዲዮ ሎተሪ ማሽን» የሚባሉትን ለመትከል የሚፈቅድ ሕግ በጥቅምቱ ወር ወጣ። ማሽኖቹ ለተጫዋቹ ከካሲኖ የቁማር ማሽን አይለዩም። ያው መብራት፣ ያው ድምፅ፣ ያው የሚሽከረከር ሥዕል ነው። በሕግ ዓይን ግን ከግዛቱ ሎተሪ ማዕከላዊ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ዕጣ እንጂ ካሲኖ አይደሉም። በዮንከርስ ከተማ ያለው ኢምፓየር ሲቲ በ2006፣ በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ ክፍለ ከተማ፣ በአኩዌዳክት የፈረስ ሜዳ ላይ ያለው ሪዞርትስ ወርልድ ደግሞ በ2011 በዚህ መንገድ ሥራ ጀመሩ። ስለዚህ «ኒውዮርክ ካሲኖ የላትም» ሲባል በነበረበት ጊዜ ሁሉ፣ በምድር ባቡር ሄዶ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ የሚያስገቡበት አዳራሽ ነበር። የቀረው የካርታ ጠረጴዛ፣ ሩሌትና በሰው እጅ የሚታደል ጨዋታ ነበር።

የ2013ቱ ሕዝበ ውሳኔ የመጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥያቄ የሥራ ዕድል እንደሚያድግ፣ የትምህርት ቤቶች ድጋፍ እንደሚጨምር፣ የአካባቢ አስተዳደሮችም የንብረት ግብር መቀነስ እንደሚችሉ አስቀድሞ ይናገር ነበር። ስለ ሱስ ወይም ስለ ዕዳ አንድ ቃል አልነበረበትም። አጻጻፉ ፍርድ ቤት ድረስ ቢያስከስስም አልተለወጠም። ሕዝቡ 57 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ሰው ሲጠየቅ መልሱ አብሮ ከተነገረው፣ ኋላ «ሕዝቡ ፈቅዷል» የሚለው መከራከሪያ ክብደቱ እንደሚቀንስ አምናለሁ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን በየስብሰባው ላይ የሚነሳው ይኸው መከራከሪያ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ጥበቃ በሕጉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ ነበር። የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ አንድሩ ኩዎሞ ካሲኖን ያቀረቡት፣ ፋብሪካዎች የተዘጉባቸውን የሰሜናዊ ኒውዮርክ ከተሞች የሚያነቃቃ መድኃኒት አድርገው ነበር። ስለዚህ ከሰባቱ አራቱ ለሰሜኑ ተመደቡ፤ የኒውዮርክ ከተማ አካባቢ ደግሞ ለሰባት ዓመታት እንዲጠብቅ ተደረገ። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ በማንሃታን ካሲኖ ካለ ሦስትና አራት ሰዓት ነድቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አይኖርም።

ጥበቃው ግን የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ በተከታታይ የተከፈቱት አራቱ ካሲኖዎች ሲያመለክቱ የተነበዩትን ገቢ አላገኙም። ታየር በምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ የተሠራው ዴል ላጎ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት የግዛቱን ድጋፍ መጠየቅ ጀመረ። የኒውዮርክ ከተማ ሰው ሰባት ዓመት በሩ ተዘግቶበት በነበረበት ጊዜ፣ አልፎ ወደ ሰሜን ለመሄድ ፈቃደኛ አልሆነም። የሄደው ወደ ኮነቲከት፣ ወደ ፔንሲልቬንያና ወደ ኒው ጀርሲ ነው።

ይህን ጉዞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በኩዊንስ ፍላሺንግና በማንሃታን ቻይናታውን ለዓመታት ማለዳ ማለዳ የካሲኖ አውቶቡሶች ይቆማሉ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ቻይናውያን ስደተኞች ናቸው። በጥቂት ዶላር ቲኬት ይገዛሉ፤ ካሲኖው ሲደርሱ ደግሞ ለመጫወቻና ለምግብ የሚሆን፣ ከቲኬቱ ዋጋ የሚበልጥ ኩፖን ይቀበላሉ። አንዳንዱ ይጫወትበታል። ሌላው አይጫወትበትም፤ ኩፖኑን ለሌላ ቁማርተኛ በጥሬ ገንዘብ ይሸጥና የመመለሻው አውቶቡስ እስኪነሳ ድረስ ለሰዓታት በአዳራሹ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። በማግስቱም ይመለሳል። ለእነዚህ ሰዎች ካሲኖው መዝናኛ ሳይሆን ከጡረታ ገንዘብ ላይ የምትጨመር የዕለት ገቢ ነው። ማርች 12 ቀን 2011 ንጋት ላይ ከኮነቲከት ካሲኖ ወደ ቻይናታውን ሲመለስ የነበረ አንድ አውቶቡስ በብሮንክስ አውራ ጎዳና ላይ ተገልብጦ 15 ሰዎች ሞተዋል።

በከተማዋ ካሲኖ ይከፈት የሚሉት ወገኖች ከዚህ ተነስተው ይከራከራሉ፤ ክርክራቸውም ውሃ ይቋጥራል። ሰዉ እንደ ሆነ ይጫወታል፤ ገንዘቡ ድንበር እየተሻገረ የጎረቤት ግዛት ትምህርት ቤት ከሚሠራበት እዚሁ ቢቀር ይሻላል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የሚመልሱትም ከዚያው አውቶቡስ ነው፦ ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን ነገር ወደ ሰዎቹ ደጃፍ ስታመጡት ያልሄደው ሁሉ ይገባል። እኔ ሁለተኛው መልስ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። ርቀት ሱስን አይፈውስም፤ ግን ደመወዝ በወጣበት ማታ አንድ ሰው ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ጥበቃ የተጀመረው የሕጉ እገዳ ከተነሳ በኋላ ነው። ኤፕሪል 2022 አገረ ገዥ ካቲ ሆኩል ባጸደቁት በጀት ውስጥ ሦስቱ የቀሩት ፈቃዶች ለኒውዮርክ ከተማና ለአካባቢዋ እንዲሰጡ ተወሰነ። የቦታ መራጭ ቦርድ ተቋቋመ፤ ጃንዋሪ 2023 የማመልከቻ ጥሪ ወጣ። ዋጋው ለማንም የሚቀመስ አልነበረም። ማመልከቻ ለማስገባት ብቻ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ለፈቃዱ ቢያንስ 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ለግንባታ ደግሞ ቢያንስ ሌላ 500 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ከዚያ የጥያቄና መልስ ዙር ተጀመረ። አመልካቾች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያስገባሉ፣ ቦርዱ ለወራት አዘጋጅቶ ይመልሳል፣ መልሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ከተማዋም በበኩሏ ካሲኖ የሚባል ነገር በመሬት አጠቃቀም ደንቧ ውስጥ ስላልነበራት፣ የከተማው ምክር ቤት ኤፕሪል 2024 ደንቡን ማሻሻል ነበረበት። የመጨረሻው የማመልከቻ ቀን ጁን 27 ቀን 2025 ሆነ። ጥሪው ከወጣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥበቃ ለማን ጠቀመ? ለሁለት ወገኖች። አንደኛው፣ የቁማር ማሽኖቻቸው ቀድሞውኑ እየሠሩ የነበሩት የአኩዌዳክትና የዮንከርስ ባለቤቶች ናቸው። ተፎካካሪ በሌለበት የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት ለእነሱ ንጹሕ ገቢ ነበር። ከሦስቱ ፈቃዶች ሁለቱ ለእነሱ እንደሚሰጡ ሁሉም ይጠብቅ ስለነበር ሌላው ሁሉ የሚሻማው ለአንዲት ቀሪ ፈቃድ ነበር። ሁለተኛው ተጠቃሚ፣ መሬቱ ገና ያልተዘጋጀለት ባለሀብት ነው። ሜትሮፖሊታን ፓርክ የተባለው የካሲኖ ዕቅድ ታሪክ ይህን ያሳያል።

የኒውዮርክ ሜትስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ስቲቭ ኮኸን ከካሲኖ ኩባንያው ሃርድ ሮክ ጋር ሆነው ካሲኖ ሊሠሩበት ያሰቡት ቦታ ሲቲ ፊልድ ስታዲየምን የከበበው 50 ኤከር ገደማ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቦታውን ያየ ሰው የሚያስታውሰው አስፋልት ብቻ ነው። ጨዋታ በሌለበት ቀን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ነጭ መስመር የተሰመረበት ባዶ አስፋልት፤ በላዩ ላይ በየአምስት ደቂቃው ከላጋርዲያ የሚነሳ አውሮፕላን። በሕግ ግን ያ አስፋልት የፍላሺንግ ሜዶውስ ኮሮና ፓርክ አካል ነው፤ ማለትም የሕዝብ መናፈሻ። የመናፈሻ መሬት ለሌላ ጥቅም እንዲውል ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በልዩ ሕግ መፍቀድ አለበት፤ በልማዱም ሕጉን የሚያቀርቡት የአካባቢው ተመራጮች ናቸው። የአካባቢው ሴናተር ጄሲካ ራሞስ በ2024 ነዋሪዎቻቸውን ካማከሩ በኋላ ሕጉን አላቀርብም አሉ። ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎ ነበር። ቀነ ገደቡ ሩቅ ስለነበር ግን የጎረቤት ወረዳው ሴናተር ጆን ሊዩ ሕጉን አቀረቡት፤ በ2025 በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። አንዲት ተመራጭ የተናገረችው «አይሆንም» አንድ ዓመት ቆየ፤ ሂደቱ ፈጣን ቢሆን ኖሮ ግን ያው ቃል ፕሮጀክቱን ሊያስቀረው ይችል ነበር። ስለዚህ መዘግየት ሁልጊዜ የተቃዋሚ ወዳጅ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

መጠበቁ ያባረራቸውም አሉ። ላስ ቬጋስ ሳንድስ የተባለው የካሲኖ ኩባንያ በጎረቤት ናሶ ካውንቲ የነበረውን ዕቅድ በኤፕሪል 2025 ተወው፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የኢንተርኔት ቁማር ሊፈቀድ ይችላል የሚለው ስጋት ነው። ሌላው የካሲኖ ኩባንያ ዊን ደግሞ በማንሃታን ሃድሰን ያርድስ ሊሠራው ካሰበው በሜይ 2025 ወጣ። በጁን 27 ማመልከቻ ያስገቡት ስምንት ብቻ ነበሩ።

ቦርዱ ስምንቱን የሚመዝንበት ሚዛን ምን እንደሚመስል ማወቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት ወሳኝ ነው። ከመቶ 70ው ነጥብ ለኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ፣ ማለትም ለገቢ፣ ለግብርና ለግንባታ ወጪ የተመደበ ነው። በአካባቢው ላይ ለሚያደርሰው ተፅዕኖ የተሰጠው 10 ነጥብ ነው። ለሠራተኛ ልማት 10፣ ለብዝኃነት 10። የአንድ ሰፈር ሰው የትራፊክ መጨናነቁ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት መንገድ፣ የጎረቤት ምግብ ቤት ሁሉ ተደምረው አሥር ነጥብ ናቸው። በዚህ ሚዛን ብቻ ቢፈረድ ኖሮ በጣም ሀብታሙ ሰፈር ላይ በጣም ውዱን ሕንፃ የሚሠራው ማሸነፉ አይቀርም ነበር።

ያንን የለወጠው የማኅበረሰብ አማካሪ ኮሚቴ የሚባለው ደረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ በከተማው ውስጥ ስድስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል። አንዱን አገረ ገዥዋ፣ አንዱን ከንቲባው፣ አንዱን የክፍለ ከተማው ፕሬዚዳንት፣ ቀሪዎቹን ሦስት ደግሞ የአካባቢው ሴናተር፣ የግዛት ምክር ቤት አባልና የከተማ ምክር ቤት አባል ይሰይማሉ። ቢያንስ ሁለት ይፋዊ የሕዝብ ስብሰባዎች ይካሄዳሉ። ከስድስቱ አራት ድምፅ ያላገኘ ማመልከቻ ወደ ቦርዱ እንኳ አይደርስም። ስሙ «አማካሪ» ቢሆንም ሥልጣኑ በር የሚዘጋ ነበር።

ኮሚቴዎቹ ድምፅ መስጠት የነበረባቸው እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ከጁን 27 እስከ ሴፕቴምበር 30 ያለው 95 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ነዋሪው ጨርሶ አልተናገረም ለማለት አይደለም። ባለሀብቶቹ የራሳቸውን ስብሰባ ሲጠሩ ከርመዋል፣ በየሰፈሩ ቦርድም ክርክር ነበር። የሰፈሩ ሰው ቃል በቀጥታ የሚቆጠር ድምፅ የሆነበት ጊዜ ግን ከ4,400 ቀናት ውስጥ ቢበዛ ይኸው 95 ቀን ነው። ለሕዝብ የተሰጠው ጊዜ ከሁሉም ያነሰው መሆኑ ያሳዝነኛል። መዘግየቱን ለሚያማርሩ ሁሉ ይህንን ቁጥር ማሳየት እፈልጋለሁ፤ ነዋሪው ያዘገየው አንድም ዓመት የለም።

በእነዚያ 95 ቀናት የሆነው ደግሞ ብዙ ነው። ሴፕቴምበር 17 ቀን ሁለት የማንሃታን ዕቅዶች በአንድ ቀን ወደቁ። አንደኛው የሕንፃ ባለቤቱ ኩባንያ ኤስኤል ግሪን ከካሲኖ ኩባንያው ሲዛርስና ከራፐር ጄይ-ዚ ድርጅት ሮክ ኔሽን ጋር ሆኖ በታይምስ ስኩዌር ሊከፍት ያሰበው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ በስተምዕራብ የነበረው አቬኒር ነው። ከአምስት ቀን በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት አጠገብ ሊሠራ የነበረው ፍሪደም ፕላዛ ተከተላቸው። ሦስቱም የወደቁት በተመሳሳይ ድምፅ፣ አራት ለሁለት ነው። የደገፉት ሁለቱ የአገረ ገዥዋና የከንቲባው ተወካዮች ነበሩ፤ የተቃወሙት አራቱ የአካባቢው ተመራጮች ወገን ናቸው። ከላይ የተቀመጠው ሹም የግብሩን ድምር ሲያይ፣ ከታች ያለው ተመራጭ የሚያየው መንገዱንና ድምፅ የሰጠውን ጎረቤት ነው። ይህ ልዩነት በሦስት የተለያዩ ክፍሎች ውስጥ በአንድ ዓይነት ቁጥር መታየቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

በታይምስ ስኩዌር ጠንካራው ተቃውሞ የመጣው ከብሮድዌይ ቲያትር ባለቤቶች ነበር። ምክንያታቸው የካሲኖን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። ቲያትር ተመልካቹን በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ወደ መንገድ ይለቀዋል፤ ሰውየው ከትርኢቱ በፊት እራት ይበላል፣ በኋላ መጠጥ ይጠጣል፣ በታክሲ ይሄዳል። ካሲኖ ደግሞ እንግዳውን እንዳይወጣ አድርጎ ነው የሚታነጸው። ምግቡ፣ መኝታው፣ ትርኢቱ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ምግቡም ብዙ ጊዜ በቅናሽ ወይም በነጻ የሚቀርበው ተጫዋቹ ከጠረጴዛው እንዳይርቅ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ያለው ምግብ ቤት የሚያገኘው ተጨማሪ ደንበኛ አይደለም፤ ዋጋ ሊቋቋመው የማይችል ተፎካካሪ ነው። በኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ሊሠራ የነበረውም ሴፕቴምበር 29 ቀን ተጣለ።

ያለፉት አራቱ ከማንሃታን ውጪ ያሉ ናቸው። አኩዌዳክትና ዮንከርስ በሙሉ ድምፅ፣ የኮኸን ሜትሮፖሊታን ፓርክ በመጨረሻው ቀን ስድስት ለዜሮ፣ ባሊስ የተባለው የካሲኖ ኩባንያ የብሮንክስ ዕቅድ አምስት ለአንድ አለፉ።

የብሮንክሱ ብዙ መዞሪያ የነበረበት ነው። ቦታው ፌሪ ፖይንት የሚባል የቀድሞ ቆሻሻ መጣያ ላይ ከተማዋ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ ያሠራችው የጎልፍ ሜዳ ሲሆን፣ ለዓመታት የሚያስተዳድረው የትራምፕ ድርጅት ነበር። ባሊስ በ2023 የማስተዳደር መብቱን በ60 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የካሲኖ ፈቃድ ካገኘ ደግሞ ተጨማሪ 115 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጁላይ 14 ቀን 2025 የከተማው ምክር ቤት፣ የአካባቢውን ተመራጭ ተቃውሞ ተከትሎ፣ ዕቅዱን ጣለው። ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምክር ቤቱን ውሳኔ ሻሩት፤ ምክር ቤቱም የከንቲባውን ሽረት ለመሻር የሚያስፈልገውን የሁለት ሦስተኛ ድምፅ አላሰባሰበም። ማንሃታን ላይ የአካባቢ ተመራጭ «አይሆንም» ሲል በር ተዘጋ፤ ብሮንክስ ላይ ያው ቃል ሲነገር ሌላ በር ተከፈተ። ሂደቱ ለሁሉም ሰፈር እኩል ጆሮ ሰጥቷል ብዬ ለመናገር የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነው።

ከዚያ ያልተጠበቀው መጣ። ኦክቶበር 14 ቀን ኢምፓየር ሲቲን የያዘው ኤምጂኤም ከዮንከርስ ዕቅዱ ራሱን አገለለ። 30 ዓመት እንደሚሆን የጠበቀው የፈቃድ ዘመን በአዲሱ መመሪያ 15 ዓመት ብቻ እንደሚሆን፣ የገበያው ፉክክርም እንደ ተለወጠ ገለጸ። ለዓመታት «ያለ ጥርጥር ያገኛል» ሲባል የኖረው ድርጅት በመውጣቱ ሦስት ፈቃድና ሦስት አመልካች ቀሩ። ዲሴምበር 1 ቀን ቦርዱ ሦስቱም እንዲሰጣቸው ሐሳብ አቀረበ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የግዛቱ የቁማር ኮሚሽን አጸደቀው። አሥራ ሁለት ዓመት የተጠበቀው ውድድር በመጨረሻው ሰዓት ውድድርነቱ ቀርቶ ነበር።

ገንዘቡ የት ይሄዳል የሚለው በአዲስ አበባም በኒውዮርክም የሰው ጥያቄ ነው። ከሦስቱ የፈቃድ ክፍያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ደግሞ ከቁማር ግብር 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚገኝ ቦርዱ ገምቷል፤ ዋናው ተጠቃሚ የከተማዋን ባቡርና አውቶቡስ የሚያስተዳድረው ኤምቲኤ ነው። ኤምቲኤ ይህን ገንዘብ ገና ፈቃድ ሳይሰጥ በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ሰሜኖቹ ካሲኖዎች ከትንበያቸው ምን ያህል እንደ ወደቁ ለሚያውቅ ግዛት ይህ ሊያሳስበው ይገባል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ማሽንና ጠረጴዛ በዓመት 500 ዶላር ለቁማር ሱስ ሕክምና እንዲከፈል ያዛል። ከቢሊዮኖቹ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ስለ ሱሰኛው በቁጥር የተጻፈ ነገር መኖሩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ካልነበረው ይሻላል።

ሥራን በተመለከተ ግን ነገሩን ቀለል አድርጎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፤ በተለይ ለእኛ። በላስ ቬጋስ ከሚኖሩት በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ኑሮውን በካሲኖ ላይ የመሠረተ ብዙ ነው። ካርታ የሚያድል፣ ገንዘብ ቤት የሚሠራ፣ ክፍል የሚያጸዳ፣ እንግዳውን በታክሲ የሚያመላልስ ብዙ ነው። በ2023 የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር ለአንድ የንግድ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስያሜ ሲሰጥ፣ ያ ማኅበረሰብ ከቆመበት ገንዘብ ውስጥ ከዚያ ሥራ የመጣም አለበት። የሠራተኛ ማኅበር ያለው፣ የጤና መድን ያለው፣ ቋንቋ ገና ያልተካነ ስደተኛም ሊቀጠርበት የሚችል ሥራ ነው። የኒውዮርክ የሆቴልና የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበር ዕቅዶቹን አጥብቆ የደገፈው ለዚህ ነው። ልጆቹን በዚያ ደመወዝ ያሳደገ ሰው ፊት ቆሞ ካሲኖ ክፉ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የፍላሺንጉ አዛውንትና የላስ ቬጋሷ ካርታ አዳይ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ስደተኞች ናቸው፤ አንዱን ለማየት ሌላውን መርሳት አያስፈልግም።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ንጽጽር ግን በሌላ በኩል ነው። ኒውዮርክ በስልክ የሚደረግ የስፖርት ውርርድን የፈቀደችው በኤፕሪል 2021 በጀት ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ ወር። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ16 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተወራረደበት፤ ግዛቱ ከኩባንያዎቹ ገቢ 51 በመቶ ይወስዳል። ኮሚቴ አልተቋቋመለትም። የሕዝብ ስብሰባ በየሰፈሩ አልተጠራለትም። የትራፊክ ጥናት አያስፈልገውም፤ መኪና አያቆምም፣ ሕንፃ አያሠራም፣ ጎረቤት የለውም። አንድ ወጣት መኝታው ላይ ተጋድሞ ደመወዙን ሲያጣ «ይህ በሰፈሬ አይሠራም» የሚል ተመራጭ ከየት ይመጣል? በአዲስ አበባ የስፖርት ውርርድ ቤቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየመንደሩ ሲፈሉ ያየን ሰዎች ይህንን ፍጥነት እናውቀዋለን፤ ወላጅ ነገሩን የሚሰማው ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያውን ካስያዘበት በኋላ ነው።

ስለዚህ የኒውዮርክ ካሲኖ ዘገየ ሲባል የትኛው ቁማር እንደ ዘገየ መለየት ያስፈልጋል። የዘገየው ሕንፃ የሚያስፈልገው፣ ከሩቅ የሚታየው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው ነው። ቶሎ የመጣው ማንም የማያየው ነው። ቁጥጥሩ የተነደፈው ቁማር ቦታ ይይዛል በሚል እሳቤ ስለሆነ፣ ቦታ የማይይዘውን በሩ ሲያልፍ አያስቆመውም።

ቺካጎን የሚጠቅስ ሰው ፍጥነት ይሻላል ሊል ይችላል። ኢሊኖይ በ2019 ፈቀደች፤ ከተማዋ በ2022 ባሊስን መረጠች፤ በሴፕቴምበር 2023 ሜዲናህ ቴምፕል በተባለው ታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ጊዜያዊ ካሲኖ ተከፈተ። ከተማዋን ያጣደፋት የፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ጉድለት ነበር። ጊዜያዊው ካሲኖ ያስገባው ግን ከታሰበው በታች ነው። ቸኩሎ የተሰጠ ፈቃድ የኒውዮርክን ሰሜናዊ ካሲኖዎች ያስጨነቀውን የተጋነነ ትንበያ አላስቀረም።

አሁን የሚቀረው ግንባታው ነው። አኩዌዳክት አዳራሹ ስላለ ሊፈጥን ይችላል፤ ሜትሮፖሊታን ፓርክና ብሮንክስ በ2030 አካባቢ እንከፍታለን ብለዋል። በየስብሰባው የተገባው ቃል ብዙ ነው፤ መናፈሻ፣ የባቡር ጣቢያ ዕድሳት፣ ለሰፈር ድርጅቶች የሚሰጥ ገንዘብ፣ ከአካባቢው የሚቀጠር ሠራተኛ። እነዚህን ቃሎች ያስገቡት፣ ድምፃቸውን የሰጡትም በእነሱ ምክንያት መሆኑን የተናገሩት የኮሚቴ አባላት ናቸው። የኮሚቴዎቹ ሥራ ግን በሴፕቴምበር 30 ቀን ምሽት አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚከታተለው ፈቃዱን የሰጠው ኮሚሽን ነው። ሲቲ ፊልድ ዙሪያ ያለው አስፋልትም እስኪቆፈር ድረስ፣ ከፍላሺንግ ማለዳ የሚነሳው አውቶቡስ በአጠገቡ እያለፈ ወደ ኮነቲከት መሄዱን ይቀጥላል።